ከሪፈር እስከ መጀመሪያው ሕክምና፦ የካንሰር ታካሚ የጠበቀበት ጊዜ ከየት ይቆጠር?

ጠያቂ (ነርስ፣ ድሬዳዋ)፦
የተከበራችሁ ባልደረቦች፣ በካንሰር ተጠርጥረው ወደ ሐረር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የተጻፈላቸው ታካሚዎቻችን ሕክምና እስኪጀምሩ ስንት ቀን እንደሚጠብቁ ከመዝገብ ለመለካት እየሞከርኩ ነው። የተቸገርኩት መነሻውን በመወሰን ነው፤ ሪፈር የተጻፈበትን ቀን ልያዝ፣ ካርድ ያወጡበትን ወይስ የፓቶሎጂ (ከሰውነት የተወሰደ ናሙና ምርመራ) ውጤት የደረሰበትን? የመሳፈሪያ ገንዘብ እስኪያገኙ ሳምንታት ቤታቸው የሚቆዩ እናቶች ስላሉ፣ ካርድ ከወጣበት ቀን ብጀምር ያ ሁሉ ጊዜ እንዳልነበረ ይቀራል ብዬ እሰጋለሁ።

መላሽ (ሐኪም፣ ሐረር)፦
እህቴ፣ ስጋትሽ ትክክል ነው፤ መነሻሽ ሪፈር የተጻፈበት ቀን ይሁን። የውጤቱንና ሕክምናው የተወሰነበትን ቀን ግን ለየብቻ መዝግቢ። በእንግሊዝ አገር ከአስቸኳይ ሪፈር እስከ መጀመሪያው ሕክምና 62 ቀን፣ ሕክምናው ከተወሰነ በኋላ ደግሞ 31 ቀን ተብሎ ተለይቶ የሚለካው መዘግየቱ የምርመራ ይሁን የሕክምና ተራ እንዲታወቅ ነው። ባዮፕሲ፣ ማለትም ለምርመራ ናሙና መውሰድ፣ ሕክምና አይደለም፤ ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞ ወይም ጨረር የጀመረበትን ቀን ያዢ።

ከሁሉ በላይ የማሳስብሽ ሕክምና ያልጀመሩትን ከስሌቱ እንዳታወጪ ነው። ከ9 ታካሚዎች 5ቱ በ20፣ በ30፣ በ40፣ በ60 እና በ90 ቀን ቢጀምሩና 4ቱ ከ90 ቀን በኋላም ገና እየጠበቁ ቢሆን፣ የጀመሩትን ብቻ ደርድረሽ መሐል ላይ ያለውን ብትወስጂ 40 ቀን ይሆናል፤ ዘጠኙን ሁሉ ስትደረድሪ ግን መሐል ላይ የሚገኘው 90 ነው። ተስፋ ቆርጠው የቀሩት ከቁጥሩ ሲወጡ ሪፖርቱ ያምራል፤ እኔን የሚያመኝ ይህ ነው።

ሌላ መላሽ (የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ፣ ድሬዳዋ)፦
የቀን አቆጣጠሩንም ልብ ይበሉ። የሪፈር ወረቀቱ በእኛ፣ የላቦራቶሪው ውጤት በፈረንጆች ቀን ሲጻፍ ሁለቱን ወደ አንድ ሳይመልሱ መቀነስ አይቻልም። ወርን ሁሉ 30 ቀን አድርጎ የሚያሰላ ሰው ጳጉሜን ይዘለዋል፤ ከነሐሴ 28 እስከ መስከረም 3 እንደዚያ ሲሰላ 5 ቀን ይመስላል፣ እውነቱ ግን 10 ነው፤ ጳጉሜ 6 በሚሆንበት ዓመት ደግሞ 11።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሪፈር ተጽፎላቸው የትም ያልደረሱትን ስልካቸው ካለን ከነገ ጀምሬ አንድ በአንድ እደውልላቸዋለሁ።