ገንዘባችን ለማቀዝቀዣ ማሽን ይዋል? የኮዬ ፈጬ ነዋሪዎች ክርክር

የኮሚቴው ጥያቄ፦ ለአካባቢያችን ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ገንዘብ እያዋጣን ነው። ጉበታቸው በድንገት ሥራ አቁሞ አንጎላቸው ለሚያብጥ ሕሙማን የሰውነት ማቀዝቀዣ ማሽን ይገዛ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ምን ትላላችሁ?

አባወራ፣ ቱሉ ዲምቱ፦ እደግፋለሁ። የጎረቤቴ ልጅ «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ቤት ሰነበተ፤ መቃዠት ሲጀምር ወስደነው ብዙም ሳይቆይ አረፈ። አንጎሉ አብጧል አሉን። ውጭ አገር ሰውነትን አቀዝቅዘው ያድናሉ ሲባል እሰማለሁ። ለእኛ ልጆች ለምን ይቅር?

ነርስ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል፦ ጋሼ፣ ነፍሱን ይማር። እኔ ግን እቃወማለሁ። ጉበት ሲደክም አሞኒያ የሚባለው መርዛማ ቆሻሻ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ አንጎል ሲደርስ ሴሎቹ ግሉታሚን ወደሚባል ንጥረ ነገር ይቀይሩታል፤ ግሉታሚኑ ውኃ ይስባል፤ እብጠቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የኤድንብራ ሐኪሞች ከእብጠቱ የተነሳ በጭንቅላታቸው ውስጥ የጨመረው ግፊት በመድኃኒት አልወርድ ያለ 7 ሕሙማንን እስከ 32 እና 33 ዲግሪ አቀዘቀዙ፤ ግፊቱም ወረደ። የተረፉት ግን አዲስ ጉበት ያገኙት 4ቱ ናቸው። ንቅለ ተከላ የማይሆንላቸው 3ቱ ሙቀታቸው ሲመለስ ሞቱ። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. በጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል፤ ለጉበት ግን ቤተሰብ ያለውን ሸጦ ውጭ ነው የሚሄደው። የእኛ ሕመምተኛ ቀዝቅዞ ተኝቶ ምን ይጠብቃል?

ጠቅላላ ሐኪም፣ ገላን፦ እህቴ፣ ፍርዱን አከበድሽው። ያለ ንቅለ ተከላ ጉበታቸው የሚያገግም አሉ፤ በተለይ ፓራሲታሞል ከልክ በላይ የወሰዱ። እነሱን ጥቂት ቀን ማቆየት ነፍስ ማትረፍ ነው።

ነርስ፦ እውነት ነው ዶክተር። ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት 46 ሕሙማንን በዕጣ ከፍሎ ከፊሎቹን በ34፣ ከፊሎቹን በ36 ዲግሪ ለማቆየት ሞክሮ ነበር። ቅዝቃዜው ግፊቱ እንዳይጨምር አላገደም፣ ሞትም አልቀነሰም። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ አልክድም። ቢሆንም ቅዝቃዜ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፣ የደም መርጋትንም ያዛባል፤ ጉበቱ የደከመ ሰው የደም መርጋቱ ድሮም የተዛባ ነው። ደምን በዝግታ፣ ሳያቋርጥ የሚያጥበው የኩላሊት ማሽን ግን አሞኒያውን ራሱን ያወርዳል፤ ሌላውንም ሕመምተኛ ያገለግላል። ራስጌውን 30 ዲግሪ ማንሳት፣ ከአንጎል ውኃ የሚስበው መድኃኒት ማኒቶል፣ በደም ሥር የሚሰጥ ጨው የበዛበት ፈሳሽ፦ እነዚህ ደግሞ አሁኑኑ ይቻላሉ።

አባወራ፦ እርጥብ ጨርቅ ግንባሩ ላይ ያደረግንለትስ ከንቱ ነበር?

ነርስ፦ በፍጹም ጋሼ! ትኩሳት ግፊቱን ያባብሳል፤ ማብረዳችሁ ልክ ነው። ክርክሩ ሙቀቱን ከጤናማው በታች ስለማውረድ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፦ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ንግግሩ ሲዘበራረቅ፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት ሲቃዥ እያዩ የወፍ መድኃኒት ብለው ሥር ጨምቀው ያጠጡታል። በዚያችው ሰዓት አምጡልን!

ሐኪሙ፦ ለእጥበት ማሽኑ ድምፄን ሰጥቻለሁ። ግን የታሸገ የማጠቢያ ፈሳሽ፣ የማይቋረጥ መብራትና የሠለጠነ ሰው መኖሩን ኮሚቴው አስቀድሞ ከሆስፒታሉ በጽሑፍ ይቀበል፤ ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ይውጣ።