የጓሮዬን ሳር አትክልት ቦታ ላደርገው ነው፣ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከቤቴ ጀርባ 10 በ8 ሜትር የሚሆን ጓሮ አለኝ፣ አብዛኛው ሳር ነው። ባለፈው ዓመት ጥግ ላይ 2 ካሬ የምትሆን መደብ ሰርቼ ሰላጣና ቆስጣ ዘርቼ በጣም ደስ የሚል ምርት አገኘሁ፣ አሁን ሰፋ አድርጌ ቲማቲም፣ ካሮት፣ ፎሶሊያ፣ ቃሪያ ሁሉ መትከል አምሮኛል። ችግሩ በአንዱ በኩል ትልቅ ዛፍ አለ፣ አፈሩም ሲደርቅ ድንጋይ ነው ሲዘንብ ደግሞ ውሃ ያቁራል። ሳሩን በአንዴ ቆፍሬ ላንሳው ወይስ ሌላ ዘዴ አለ? ብቻዬን ነኝ፣ ጊዜ የማገኘውም ከስራ መልስ ነው።

መልስ 1
እህቴ ዶማ ከማንሳትሽ በፊት ፀሐዩን እይ። አንድ ቀን ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ከሰዓት የዛፉ ጥላ የሚያርፍበትን በእንጨት ምልክት አድርጊ። ቲማቲምና ቃሪያ በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋሉ፣ ሰላጣና ቆስጣ ግን 4 ሰዓትም ካገኙ ይሰጡሻል። እኔ ይሄን ሳላይ ቲማቲሜን ጥላ ውስጥ ተክዬ ቅጠል ብቻ ሆኖ ቀረ፣ ያ ሁሉ ድካሜ አሁንም ይቆጨኛል። ከዛፉም ራቅ በይ፣ ሥሩ ውሃውን ይሻማሻል።

መልስ 2
ሳሩን አትቆፍሪው። አሳጥረሽ እጨጂና ውሃ አጠጪው፣ ከዛ ፕላስተሩ የተላጠ ካርቶን ጠርዙን 15 ሴንቲ እያደራረብሽ አልብሺው፣ ካርቶኑንም አርጥቢና ከላይ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ጨምሪበት። ሳሩ ብርሃን አጥቶ ይሞታል። የመደቡ ወርድ ከ1 ሜትር ከ20 አይብለጥ፣ ከሁለቱም ጎን እጅሽ መሃሉ ድረስ እንዲደርስ፣ ከዛ በኋላ በጭራሽ አትርገጪው፣ አፈር ድንጋይ የሚሆነው ሲረገጥ ነው። ትኩስ ፍግ ከሆነ ያለሽ ምርት ከመሰብሰብሽ ቢያንስ 4 ወር በፊት መግባት አለበት፣ በተለይ ለሰላጣና ለካሮት፣ በጥሬው የሚበላ ነገር ስለሆነ።

መልስ 3
በካርቶኑ እስማማለሁ ግን ውሃ የሚያቁር አፈር ላይ እሱ ብቻ አይበቃም። መጀመሪያ 30 ሴንቲ ጉድጓድ ቆፍሪ፣ ውሃ ሞልተሽ ይስረግ፣ ድጋሚ ሙይውና በሰዓት ስንት ሴንቲ እንደወረደ ለኪ። ከ2 እስከ 5 ከወረደ ደህና ነው።

ጠያቂዋ
ሞከርኩት፣ በሰዓት 1 ሴንቲም አልሞላም 😔

መልስ 3
አይዞሽ፣ እንግዲያው ከፍ ያለ መደብ ስሪ፣ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ቁመት ይኑረው። ከስሩ ያለውን አፈር እርጥብ ሳለ እንዳትነኪው፣ ስታሺው የሚፈረፈር ሲሆን ብቻ በአትክልት ሹካ (በባለ ጣት መቆፈሪያ) ነቅነቅ አድርጊው፣ መገልበጥ አያስፈልግም። ካሮት ከሁሉም በላይ ልል አፈር ስለሚወድ የመጀመሪያው መደብ ለሱ ይሁን። ደግሞ እባክሽ ዘንድሮ ከሁለት መደብ አትለፊ። አንድ ካሬ በሳምንት ወደ 25 ሊትር ውሃ ይፈልጋል፣ ዝናብ በሌለ ጊዜ አስር ካሬ ማለት 250 ሊትር ነው፣ ከስራ መልስ ያን ማጠጣት፣ አረም መንቀል፣ ተባይ ማየት ለብቻሽ ይከብዳል።

ጠያቂዋ
ውሃውን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። በቃ ሁለት መደብ፣ አንዱ ለካሮትና ለፎሶሊያ፣ ፀሐይ የሚበዛበት ለቲማቲምና ለቃሪያ። ካርቶን መሰብሰብ ጀምሬያለሁ፣ ግን የሚያብለጨልጭ ቀለም ያለው ይሆናል?

መልስ 2
እሱን ተይው፣ ተራውን ቡናማውን ብቻ።