እስከ ዓርብ ፈርም ተብያለሁ፦ ፓርት ታይም ልግባ ወይስ ፉል ታይም ልቀጥል?

ጠያቂ፣ ሜሪላንድ
ሰላም ለሁላችሁ። ቶሎ መልስ እፈልጋለሁ። የምሠራበት የሆስፒታል ወጥ ቤት ሰዓት እየቀነሰ ነው። ዛሬ ጠዋት ማናጀሯ ሁለት ሣጥን ያለበት ወረቀት ሰጠችኝ። አንዱ በሳምንት 24 ሰዓት ይላል፣ ሌላው 40 ሰዓት ሆኖ ወደ ማታ ሺፍት መዛወር ነው። እስከ ዓርብ አንዱ ላይ ምልክት አድርጌ መፈረም አለብኝ። 63 ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ ሌሊቱን ሙሉ መቆም አይችልም። ያሰብኩት 24ቱን ወስጄ የጎደለውን በሶሻል ሴኩሪቲ (በአሜሪካ መንግሥት ጡረታ) መሙላት ነው። ፓርት ታይም ከገባህ ጡረታህ ይበላሻል የሚሉኝ ሰዎች ግን በዙ። እውነት ነው? የምታውቁ እባካችሁ።

ቆጣቢው
ጋሼ፣ በፍጹም እንዳያደርጉት። ጡረታ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደሞዝ ነው። አሁን ደሞዝዎ ግማሽ ከሆነ ጡረታዎም ግማሽ ይሆናል። ሰው በሥራ ዘመኑ መጨረሻ ላይ ነው ጠንከር ማለት ያለበት። ቢያንስ 40 ክሬዲት (በሠሩበት ገቢ የሚሞላ የሶሻል ሴኩሪቲ ነጥብ) መሙላትዎንም ያረጋግጡ፣ ካልሞላ አንድ ሳንቲም አይከፈልዎትም። ለጡረታ ዝግጅት የሚጀመረው በ30 ዓመት እንጂ በ63 አይደለም፣ ወጣቶችም ይህን እያነበባችሁ ተማሩበት።

ደብሊው ቱ
ወንድሜ ቆጣቢው፣ የተናገርከው የአገር ቤቱን ሕግ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ጡረታ የሚታሰበው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደሞዝ ስለሆነ እዚያ ከጡረታ በፊት ደሞዝ መቀነስ በእርግጥ ጉዳት ነው። ብዙ ሰው ያንን ይዞ መጥቶ እዚህም እንደዚያ ይመስለዋል። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚያየው ከሥራ ዘመን ሁሉ ከፍተኛ ገቢ የተገኘባቸውን 35 ዓመታት ነው፣ የድሮው ገቢም በጊዜው የደሞዝ ዕድገት ተስተካክሎ ነው የሚገባው። 35 ዓመት ያልሠራ ሰው የጎደለው ዓመት በዜሮ ይሞላል። ስለዚህ 35 ላልሞላው ስደተኛ ፓርት ታይም የሠራበት ዓመትም ዜሮን ነው የሚተካው፣ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ክሬዲቱም አያሳስብም። በ2025 አንድ ክሬዲት 1,810 ዶላር ገቢ ነበር፣ 7,240 ዶላር ያገኘ ሰው የዓመቱን አራቱንም ይሞላ ነበር። 24 ሰዓት የሚሠራ ሰው ከዚያ በላይ ያገኛል።

ጋሼ፣ ስንት ዓመት እዚህ እንደሠሩና የሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ የሚያሳይዎትን ቁጥር ይንገሩን፣ በእርስዎ ሒሳብ እንሥራው።

እህት ነርስ
ጋሼ፣ ጥያቄዎ ውስጥ የጤና ኢንሹራንስ የሚል ቃል አላየሁም። ባለቤት አለዎት? ዕድሜያቸው ስንት ነው? በማን ኢንሹራንስ ነው ያሉት? ከጡረታው በፊት እሱ ነው መታየት ያለበት።

አገር ቤት
እኔስ የምለው፣ ለምን ራስን ማድከም? ዜጋ ከሆኑ ሶሻል ሴኩሪቲዎን አዲስ አበባ ሆነው መቀበል ይችላሉ። በዶላር የሚገባ ገንዘብ እዚያ ብዙ ያኖራል። ቡናው እዚያ ነው፣ ዘመድ እዚያ ነው።

ጠያቂ፣ ሜሪላንድ
ይቅርታ፣ ተቻኩዬ ነው። በሰዓት 21 ዶላር ነው። እዚህ 22 ዓመት ሠርቻለሁ፣ አገር ቤት ደግሞ 11 ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ፣ ይቆጠርልኛል ወይ? ባለቤቴ 58 ናት። ሕፃናት ማቆያ እየሠራች በዓመት 18,000 ታገኛለች፣ ሥራዋ ኢንሹራንስ የለውም፣ በእኔ ነው ያለችው። ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወስዳለች። ድረ ገጹ ላይ አሁን ብጀምር 1,076 ዶላር፣ በ67 ብጀምር 1,568 ይላል። ሁለታችንም ዜጎች ነን። ሥራዬን እስከ 67 መቀጠል እፈልጋለሁ፣ አገር ቤት መግባት ለጊዜው ሐሳቤ አይደለም።

ደብሊው ቱ
ጥሩ፣ አሁን ይታያል። የአገር ቤቱ 11 ዓመት አይቆጠርም፣ በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የአገልግሎት ዘመን የሚያደማምር ስምምነት የለም።

እስካሁን 22 ዓመት ስላለዎት 13 ዜሮ አለ። አንድ የፉል ታይም ዓመት 43,680 ዶላር ነው። 35 ዓመት 420 ወር ስለሆነ ለ420 ይካፈላል፣ 104 ይመጣል። በጡረታው ቀመር እርስዎ ባሉበት የገቢ እርከን ከዚያ ላይ የሚታሰበው 32 በመቶ ነው፣ ማለትም አንድ ዓመት ፉል ታይም የወር ጡረታዎን በ33 ዶላር ገደማ ያሳድገዋል። 24 ሰዓት ሲሆን ዓመቱ 26,208 ዶላር ነው፣ በዚያው ስሌት 20 ዶላር ይጨምራል። ልዩነቱ ለእያንዳንዱ ዓመት 13 ዶላር ነው። ድረ ገጹ 1,568 ያለው ደግሞ እስከ 67 አሁን ባለው ደሞዝ እንደሚቀጥሉ ቆጥሮ ነው። አራቱንም ዓመት ፓርት ታይም ቢሠሩ 1,515 አካባቢ ይሆናል። ፓርት ታይም የሚያስከፍልዎት በወር 53 ዶላር ነው፣ ያን ያህል ነው።

የሚጎዳዎት ሁለተኛው ሐሳብዎ ነው፣ «የጎደለውን በሶሻል ሴኩሪቲ መሙላት» ያሉት። በ1960 ወይም ከዚያ በኋላ ለተወለደ ሰው ሙሉ የጡረታ ዕድሜ 67 ነው። በ63 መጀመር 25 በመቶ ገደማ ያስቀንሳል፣ ቅናሹም ዕድሜ ልክ ነው። እየሠሩ ሲቀጥሉ በየዓመቱ የሚታከለው ተጨምሮ እንኳ በ67 ወደ 1,136 ነው የሚደርሱት። ከ1,515 ጋር ሲተያይ በወር 380 ዶላር ጎደለ ማለት ነው። ክፉ አይንካችሁና፣ እርስዎ ቀድመው ቢያልፉ ለባለቤትዎ የሚተላለፈውም ክፍያ ይቀንሳል፣ እሳቸው ደግሞ በአምስት ዓመት ያንሳሉ። ስለዚህ ሰዓት መቀነስና ጡረታ መጀመር ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው፣ አንድ ላይ አይሰሯቸው።

ቆጣቢው
የአገር ቤቱን ሕግ ቀላቅያለሁ፣ ተቀብያለሁ። ግን እስከ 67 ይጠብቁ የሚለው ላይ እንስማማለን ማለት ነው።

የሰፈር ሰው
እኔም እላለሁ፣ እስከ 67 ይጠብቁ።

ታክስ ሠሪ
ቢጀምሩ ምን እንደሚሆን ልጨምር። ከ67 በፊት እየሠራ ጡረታ የሚቀበል ሰው የገቢ ጣሪያ አለበት፣ በ2025 በዓመት 23,400 ዶላር ነበር። ከዚያ በላይ ለተገኘ ለእያንዳንዱ 2 ዶላር 1 ዶላር ይያዛል። በ2025ቱ ጣሪያ ሲታሰብ 26,208 በ2,808 ያልፋል፣ ስለዚህ 1,404 ዶላር ይያዛል። አያያዙ ሰውን ያስደነግጣል፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ አይደለም የሚቀንሱት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቼኮች ጭራሽ አይልኩም፣ ከሚገባው በላይ የያዙትን በሚቀጥለው ዓመት ይመልሳሉ። የተያዘባቸው ወራትም በ67 ላይ ታስበው የወር ክፍያው ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ጠፍቶ የቀረ ገንዘብ አይደለም። በሳምንት 21 ሰዓት ብቻ ቢሆን ዓመቱ 22,932 ስለሚሆን ከጣሪያው በታች ነበር። የሚቆጠረው የሥራ ገቢ ብቻ ነው፣ ከጡረታ ቁጠባ ሒሳብ የሚወጣ ገንዘብና የባንክ ወለድ አይገባም።

ባለ ታክሲ
ኡበር የሚነዳ ሰውስ በዚህ ጣሪያ እንዴት ይታያል? ጠቅላላው ነው ወይስ ከቤንዚን በኋላ ያለው?

ታክስ ሠሪ
ከወጪ በኋላ የተጣራው ነው። ግን በሁለት በኩል ይቆርጣል፦ የማይል ወጪ እየተቀነሰ ታክስ ላይ የሚታየው ገቢ ትንሽ ሲሆን ጡረታው የሚሰላበትም ያው ትንሹ ቁጥር ነው። ለራሱ የሚሠራ ሰው የሚከፍለውን 15.3 በመቶ ግብር ያልከፈሉበት ገቢ ሶሻል ሴኩሪቲ አያውቀውም።

እህት ነርስ
ጋሼ፣ አሁን ኢንሹራንሱ። ባለቤትዎ ኢንሱሊን ስለሚወስዱ አንድ ወር እንኳ ክፍተት መኖር የለበትም።

ሕጉ ትልልቅ ቀጣሪዎችን ኢንሹራንስ አቅርቡ የሚለው በሳምንት 30 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚሠራ ነው። 24 ላይ ሲፈርሙ ሊያጡት ይችላሉ፣ ግን ወዲያው ላይሆን ይችላል። ብዙ ትልልቅ ቀጣሪዎች ያለፈውን ዓመት ሰዓት ቆጥረው ለሚቀጥለው ዓመት ፉል ታይም ብለው ይመዘግባሉ። እንደዚያ ከሆነ ሰዓትዎ ቢቀንስም ዓመቱ እስኪያልቅ ኢንሹራንሱ ሊቀጥል ይችላል። ኤችአርን (የሠራተኛ አስተዳደር ክፍሉን) «ሰዓቴ ቢቀንስ ኢንሹራንሴ የሚያበቃው በየትኛው ቀን ነው?» ብለው ይጠይቁና ቀኑን በጽሑፍ ይቀበሉ። እንዲሁም ለፓርት ታይም ሠራተኛ የሚሰጡት ኢንሹራንስ ካለ ዋጋውን ይጠይቁ፣ በኋላ ድጎማ ሲያመለክቱ ይህ ይታያል።

ካበቃ ሁለት መንገድ አለ። ኮብራ ያንኑ ኢንሹራንስ እስከ 18 ወር ያስቀጥላል፣ ግን ቀጣሪው ይከፍል የነበረውንም ጨምሮ ሙሉ ዋጋውን ከ2 በመቶ ጋር እርስዎ ይከፍላሉ። ለመወሰን 60 ቀን አለዎት፣ ዘግይተው ቢመርጡም ወደ ኋላ ተመልሶ ይሸፍናል፣ ያለፉትን ወራት ከፍለው ማለት ነው። ሁለተኛው ሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን ነው፣ ኦባማኬር የምንለው። የሥራ ኢንሹራንስ ያጣ ሰው በ60 ቀን ውስጥ ይገባል፣ ስኳር አለብህ ብሎ የሚከለክል የለም። የሁለታችሁ ገቢ 26,208 እና 18,000፣ ድምሩ 44,208 ነው። በዚህ ገቢ ድጎማ ታገኛላችሁ፣ ሲልቨር የሚባለውን ደረጃ ከመረጣችሁ ደግሞ ሐኪም ቤት የምትከፍሉት ድርሻም ይቀንሳል። ብሮንዝ በወር ይረክሳል ብላችሁ እንዳትሄዱ፣ ያ ቅናሽ ሲልቨር ላይ ብቻ ነው። ከፍ ተደርጎ የነበረው ድጎማ እስከ 2025 መጨረሻ ብቻ የተደነገገ ስለነበር የአሁኑን ዋጋ ለብቻው አስልታችሁ እዩ።

የደብሊው ቱን ሐሳብ እዚህም አጠናክራለሁ። ጡረታውን ከጀመሩ 12,912 ዶላር በዓመት ገቢያችሁ ላይ ይደመራል፣ ታክስ ባይከፈልበትም ለድጎማው ይቆጠራል። 57,120 ስትሆኑ የሲልቨሩን ቅናሽ ጣሪያ አለፋችሁ፣ የወር ክፍያውም ይጨምራል።

ከመለወጣችሁ በፊት የ90 ቀን ኢንሱሊንና የመርፌ ጫፍ አስሞሉ። አዲሱ ኢንሹራንስ የመድኃኒት ዝርዝር ላይ የእሳቸው ኢንሱሊን በስሙ መኖሩን አይታችሁ ነው መምረጥ ያለባችሁ፣ «ኢንሱሊን እንሸፍናለን» ማለት የእሳቸውን ማለት አይደለም።

አልስማማም
እኔ በጥያቄው አልስማማም። ወረቀቱ ላይ ሁለት ሣጥን ስላለ ሁለት ምርጫ ብቻ አለ ማለት አይደለም። 30 ሰዓት ይጠይቁ፣ በቀን 10 ሰዓት ሦስት ቀን። ዓመቱ 32,760 ዶላር ይሆናል፣ ኢንሹራንሱም በ30 ሰዓት መስመር ላይ ይቆያል፣ ጉልበትዎም አራት ቀን ያርፋል። ለ30 ቀጥረናል ብለው 28 እንዳይመድቡዎት ግን መርሐ ግብሩን በየሳምንቱ ፎቶ ያንሱ። ከዓርብ በፊት በኢሜይል ይጻፉ፣ በቃል የተባለ ነገር በኋላ ማስረጃ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ የጉልበቱን ነገር ከሐኪም ደብዳቤ ጋር ያቅርቡ። ሕመሙ በሥራው ላይ እንቅፋት ከሆነ፣ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ስለ ማመቻቸት ሊነጋገር ግድ አለበት። ደብዳቤው «ጉልበት ያመዋል» ብቻ እንዳይል። በአንድ ጊዜ ስንት ሰዓት መቆም እንደሚችሉ፣ በየስንት ደቂቃው መቀመጥ እንዳለብዎት በቁጥር ይጻፍ። ትሪ መደርደሪያው መስመር ላይ ከፍ ያለ በርጩማ መጠየቅም ይቻላል።

አገር ቤት
ሐሳቤን ስላልወደዱት ግድ የለም፣ ግን ለሌሎች አንባቢዎች፦ ሜዲኬር (ከ65 ዓመት ጀምሮ የሚሰጠው የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) አገር ቤት አይሠራም። የሚገባ ሰው የሕክምናውን ነገር በሌላ መንገድ ያስብበት።

ደብሊው ቱ
ልክ ነው። ስለ ሜዲኬር ከተነሣ ጋሼ፣ 65 ሲሞላዎት ሜዲኬር የሚይዘው እርስዎን ብቻ ነው፣ ባለቤትዎ ያኔ 60 ናቸው፣ አምስት ዓመት የራሳቸው ኢንሹራንስ ያስፈልጋቸዋል። ኮብራ ላይ ሆነው 65 ከሞላዎት ደግሞ ኮብራ ስላለኝ ብለው ፓርት ቢን (የሐኪም ወጪ የሚሸፍነውን የሜዲኬር ክፍል) እንዳያዘገዩ፣ ኮብራ እንደ ሥራ ኢንሹራንስ አይቆጠርም። ለእያንዳንዱ 12 ወር መዘግየት 10 በመቶ ቅጣት ይጨመራል፣ ፓርት ቢ እስካለዎት ድረስ አብሮ ይከፈላል። የ2025 ዋጋው በወር 185 ዶላር ነበር።

አንድ ነገር ዛሬ ማታውኑ ያድርጉ። ድረ ገጹ ላይ ዓመት በዓመት የተዘረዘረውን ገቢ ከደብሊው ቱ ወረቀቶችዎ (ቀጣሪ በየዓመቱ ከሚሰጠው የደሞዝ ማስረጃ) ጋር ያስተያዩ። የእኛ ሰው ስም በአባትና በአያት እየተለዋወጠ ስለሚመዘገብ ከሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ጋር ያልተስማማ ዓመት ዜሮ ሆኖ ይቀራል። እርስዎ ዘንድ አንድ የጠፋ የፉል ታይም ዓመት በወር 33 ዶላር ነው፣ ሁለት ዓመት ቢጠፋ ፓርት ታይም በመግባትዎ ከሚያጡት 53 ይበልጣል። ማስተካከያ መጠየቂያው ቅጽ ኤስኤስኤ 7008 ይባላል፣ የዚያን ዓመት ደብሊው ቱ አያይዘው ነው የሚልኩት።

እህት ነርስ
ጋሼ፣ ኤችአር የኢንሹራንሱን ማብቂያ ቀን ነገሩዎት? ቀኑ የወሩ መጨረሻ ከሆነ የአዲሱን ማመልከቻ ከዚያ ወር ሳይወጡ ያስገቡ፣ በሚቀጥለው ወር አንደኛ ቀን ይጀምርላችኋል።

የሰፈር ሰው
ዛሬ ዓርብ ነው። ጋሼ፣ 30 ሰዓቱን ተቀበሉዎት?