አሮጌ የፊልም ጥቅልል ተገኘ፤ ምን ይደረግ?

የአዘዞዋ፦ ሰላም ጎንደሬዎች። አጎቴ ነፍሱን ይማረውና ፎቶ አንሺ ነበር። ከዕቃው መሃል ሦስት የፊልም ጥቅልል አገኘን። ብርሃን ላይ ሳየው ተዋናይ የለ፣ ርዕስ የለ። ፊልሙ ራሱ በመርፌ ተጭሯል፣ በቀለም ተቀብቷል። አንዱ አቼቶ አቼቶ ይሸታል። ወንድሜ በፕሮጀክተር እንየው ይላል፣ ጎረቤት ደግሞ ሰብሳቢዎች ይገዙታል፣ ሽጪው ይለኛል። ምን ትሉኛላችሁ?

ማራኪ ሰፈር፦ እህቴ፣ ፕሮጀክተሩን ለጊዜው ተዉት! ያረጀ ፊልም ይኮማተራል። ጠርዙ ላይ ያለው ቀዳዳ ከማሽኑ ጥርስ ጋር አይገጥምም፣ ይቀደዳል። የአቼቶው ሽታ አሲቴት የሚባለው የፊልሙ ፕላስቲክ እየተበላሸ መሆኑን ይናገራል። ወደሌሎቹም ይጋባል፤ ዛሬውኑ ለይተሽ አስቀምጪው። ቀዝቀዝ ያለና ደረቅ ቦታ ይሁን። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀን ይግላልና አይሆንም። ፌስታል ውስጥም አታፍኚው።

የፒያሳ ልጅ፦ ስፋቱን በማስመሪያ ለኪ። 16 ሚሊ ሜትር ነው 8? ፊልሙ የኮዳክ ኩባንያ ምርት ከሆነ ጠርዙ ላይ ክብ፣ ሦስት ማዕዘን ወይም አራት ማዕዘን ምልክት ፈልጊ። ፊልሙ የተመረተበትን ዓመት ይጠቁማል። ምልክቶቹ በየ20 ዓመቱ ስለሚደገሙ ግን ሌላም ማስረጃ ያስፈልግሻል።

ሲኒማ ወዳድ፦ እኔን ያስደነቀኝ መጫሩና መቀባቱ ነው። ለገበያ ሳይሆን ለሙከራ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች እንዲህ ያደርጉ ነበር። አሜሪካዊው ስታን ብራኬጅ እ.ኤ.አ. በ1963 ያለ ካሜራ፣ የእሳት ራት ክንፍ በማጣበቂያ ፕላስቲክ ላይ ለጥፎ ፊልም ሠርቷል። ሰብሳቢውን የሚስበው ይኸው ነው፤ የሠሪው እጅ ያረፈበት ነገር። ብዙ ጊዜ ደግሞ ካሜራ ውስጥ የገባው ፊልም ራሱ ታጥቦ የሚታየው ስለሆነ ኔጌቲቭ፣ ማለትም ሌላ ቅጂ የሚታተምበት ዋና ፊልም፣ የለውም። እሱ ከጠፋ ሌላ የለም። ዋጋውን የሚወስነው ግን ማን፣ መቼ፣ የት ሠራው የሚለው ነው። ይህ ሳይታወቅ ከሸጥሽው በርካሽ ይወስዱብሻል።

ጋሽ አራዳ፦ ልጄ፣ ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ የጎንደር ልጅ ነው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የሚለውን ፊልሙን በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ነው ያነሳው። ዓመታት ቆይቶ ጣሊያን፣ ቦሎኛ ታደሰ። ፊልም ከተጠበቀ ይተርፋል። የአጎትሽን ጓደኞች በሕይወት ሳሉ ጠይቂያቸው፣ የሚሉሽን ጻፊው። ጥቅልሉ የተቀመጠበት ቆርቆሮ ላይ ጽሑፍ ካለም እንዳትጥይው።

የአዘዞዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ሁላችሁም ተባረኩ። ለካሁት፣ 16 ነው። ሳላበላሸው ምስሉን እንዴት ላሳያችሁ?

የፒያሳ ልጅ፦ ንጹሕ የጥጥ ጓንት አድርጊ፣ ጠርዙን ብቻ ያዢ። የላፕቶፕሽን ስክሪን ነጭ አድርገሽ ከፊቱ ትንሽ ራቅ አድርገሽ ያዢውና በስልክ አንሺው። የመጀመሪያውን ክንድ ያህል ብቻ ፍቺ። የሚሸተው ከተጣበቀ ግን በጉልበት አትፍቺው።