ሐይቅ ሆኜ ኤስኤቲ፣ ኤሲቲ ወይስ ዱኦሊንጎ ልፈተን?

ጥያቄ፦ የሐይቋ ተማሪ
ሰላም ለሁላችሁ። ሐይቅ ነው የምማረው፤ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ገባሁ። ሙሉ ድጋፍ ለሚሰጡ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከት እፈልጋለሁ። ሒሳብ ይሆንልኛል፤ እንግሊዝኛ ሳነብ ግን ቀስ እላለሁ። ከአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተናዎች አንዱ ኤስኤቲ ውሰጂ ይለኛል፣ ሌላው ኤሲቲ፤ አንዳንዱ ደግሞ ፈተና ድሮ ቀርቷል ይላል። አባቴ ያጠራቀመልኝ ብር ለአንዴ እንጂ ለሁለቴ አይበቃም። ፓስፖርት ገና አላወጣሁም። በየቱ ልጀምር?

መልስ፦ የሒሳብ መምህር፣ ደሴ
አብሽሪ ልጄ። ቀርቷል የሚሉሽ የኮሮና ጊዜውን ይዘው ነው። ኤምአይቲ በፈረንጅ 2022 ፈተናውን መልሶ ግዴታ አደረገው፤ በ2024 ዳርትማውዝ፣ ብራውን፣ ሃርቫርድ ተከተሉ። ኮሎምቢያ በ2023 በተማሪው ፈቃድ እንዲሆን ወስኗል። በርክሌይና ሌሎቹ የካሊፎርኒያ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ውጤቱን ብትልኪም ለቅበላ አያዩትም፤ ለውጭ ተማሪ የሚሰጡት ድጋፍም በጣም ትንሽ ስለሆነ እነሱን ተያቸው። መጀመሪያ የምታመለክቺባቸውን ስም ጻፊ፤ ከዚያ የእያንዳንዱን የዘንድሮ መመሪያ ከራሱ ገጽ አንብቢ።

ላንቺ ኤስኤቲ ነው የምለው። ከ1600ው 800 ሒሳብ ነው፤ እዚያ ሙሉውን ለማግኘት ድከሚ። የንባቡ ክፍል ምንባቦቹ አጫጭር ናቸው፣ ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። የኤሲቲው ረዘም ይላል፤ ቀስ ብሎ ለሚያነብ ይከብዳል። የኤስኤቲው ሒሳብም ንባብም እያንዳንዱ በሁለት ሞጁል፣ ማለትም በሁለት ተከታታይ ዙር ይከፈላል፤ የመጀመሪያውን አሳምረሽ ካልሠራሽ ሁለተኛው ቀለል ያለ ይመጣልሽና ከፍ ያለ ውጤት ላይ አትደርሺም። ስለዚህ መጀመሪያው ላይ አትቸኩዪ። ስህተት ነጥብ ስለማይቀንስ ባዶ የምትተዪው ጥያቄ አይኑር። መለማመጃው ኤስኤቲ በሚሠራበት መተግበሪያ በብሉቡክ ላይና ካን አካዳሚ የሚባል ድረ ገጽ ላይ በነጻ ነው፤ ለማጠናከሪያ ብለሽ ብር አትክፈዪ።

መልስ፦ አምና የተፈተነ፣ ኮምቦልቻ
እህቴ፣ ነገ ጠዋት ፓስፖርቱን ጀምሪ። ኤስኤቲ ላይ ለእኛ መታወቂያው እሱ ነው፣ የተመዘገብሽበት ስምም ከሱ ጋር አንድ መሆን አለበት። የኔ ትራንስክሪፕት ላይ መሐመድ በአንድ ኤም ተጽፎ፣ ፓስፖርቴ ላይ በሁለት ኤም ነበር። እንደ ትራንስክሪፕቱ ተመዝግቤ እስኪስተካከል ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ።

የተፈተንኩት አዲስ አበባ ነው፤ ከሁለት ቀን በፊት ገብቼ ዘመድ ቤት አደርኩ። ላፕቶፕ ይዘሽ ነው የምትሄጂው፣ በስልክ አይሆንም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ሲጀመርና መልሱ ሲላክ ነው፤ መሐል ላይ ቢቋረጥ ፈተናው ይቀጥላል። ባትሪ ግን ይወስናል፦ ፈተናው ራሱ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው፣ እረፍትና መመሪያ ሲጨመር ከሦስት ሰዓት በላይ የሚቆይ ያዢ።

መልስ፦ እህትሽ፣ ከወልድያ
ኤስኤቲ የእንግሊዝኛ ፈተናን አይተካም፤ ብዙዎቹ ለብቻው ይጠይቃሉ። በኢንተርኔት የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ፈተና ዱኦሊንጎ ከሌሎቹ የእንግሊዝኛ ፈተናዎች፣ ከቶፍልና ከአይኤልትስ ይረክሳል፤ ቤት ሆነሽ በአንድ ሰዓት ትጨርሻለሽ፣ ውጤቱ በሁለት ቀን ይመጣል። ግን ይኸኛው እንደ ኤስኤቲ አይታገስም፤ መስመር ከተቋረጠ ፈተናው ያልቃል። መብራትና ኔትወርክ የሚታመንበት ቦታ ካላገኘሽ አትጀምሪው። ገጹን ለቀሽ ሌላ ነገር ብትከፍቺም ይሰርዙብሻል።

የሐይቋ ተማሪ፦
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጋሼ፣ ፓስፖርቱ ቢዘገይብኝስ? ላፕቶፕ የአጎቴ አለ፤ ባትሪው አንድ ሰዓት አይሞላም።

መምህሩ፦
የብዙዎቹ መደበኛ ማመልከቻ የሚዘጋው በፈረንጅ ጥር መጀመሪያ ነው፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 አካባቢ። በእኛ የኅዳር መጨረሻው ፈተና ይደርስልሻል። ፓስፖርቱ ካልደረሰ ማትሪክሽን ተፈትነሽ ነሐሴ ላይ ኤስኤቲ ውሰጂና በሚቀጥለው ዙር አመልክቺ። 12ኛን ጨርሶ ማመልከት የተለመደ ነው፣ አንድም አይጎድልብሽ። ሃርቫርድ ኤስኤቲም ኤሲቲም መድረስ ላልቻለ ሰው በልዩ ሁኔታ የአገር አቀፍ ፈተና ውጤት ይቀበላል፤ ማትሪኩንም እንዳትዘነጊው።

የኮምቦልቻው፦
የኔ ላፕቶፕ አራት ሰዓት ይሠራል። የፈተናው ሳምንት መጥተሽ ውሰጂው፣ ብሉቡክ ተጭኖበታል። ያግራልሽ።