የምታጠባ እናት «አይሶቶፕ» ያለበት ውሃ ትጠጣለች እንዴ?

አጎትየው፦
ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ የ4 ወር ልጅ ታጠባለች። ልጁ ክብደት አልጨምር ብሎ ክትትል ላይ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ጥናት ላይ ትሳተፊያለሽ ወይ ተብላ የፈቃድ ፎርም ይዛ መጣች። እሷ አንድ ቀን የሆነ ውሃ ትጠጣለች፣ ከዚያ ለሁለት ሳምንት ያህል ከእሷም ከሕፃኑም ምራቅ ይወሰዳል። እስከዚህ ድረስ ችግር የለብኝም። ግን ፎርሙ ላይ «አይሶቶፕ» የሚል ቃል አየሁና ክው አልኩ። አክስቴ አምና ለታይሮይድ ካንሰር ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ወስዳ ለብቻዋ ክፍል ተዘግቶባት ነበር፤ ቤት ከገባች በኋላም ልጆች እንዳታቅፍ ተብላ በር ላይ ቆመን ነበር የምናዋራት። እሱንም አይሶቶፕ ነው ያሉን። ታዲያ አክስቴን ልጅ ማቀፍ ያስከለከለ ነገር ለምታጠባ እናት እንዴት ይሰጣል? እህቴ ነገ መልስ መስጠት አለባት። የሚያውቅ ይንገረኝ፣ ቀልዱ ይቆየኝ።

ጥጥ ያዥ፦
ወንድሜ፣ ብትደነግጥ አይገርምም። ጥፋቱ የቃሉ ነው። አይሶቶፕ ማለት ያው አንድ ንጥረ ነገር ሆኖ አተሙ ከወንድሞቹ ከበድ ወይም ቀለል ያለ ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። አንዳንዱ ጨረር ይረጫል፣ አንዳንዱ አይረጭም። ለእህትህ የሚሰጣት ዲዩተሪየም ያለበት ውሃ መሆን አለበት። ዲዩተሪየም ከተራው ሃይድሮጅን እጥፍ የሚከብድ ሃይድሮጅን ነው። ጨረር የለውም፣ አይፈርስም፣ ዕድሜ ልኩን እንዳለ ይኖራል። አንተ ራስህ ዛሬ ጠጥተኸዋል፦ በማንኛውም ውሃ ውስጥ ከ100,000 ሃይድሮጅን 15 ያህሉ እሱ ነው።

ለምን ይጠቅማል ካልክ፣ ልጁ በቀን ስንት የጡት ወተት እንደሚያገኝ በዓይን አይታወቅም። እናት «ይጠባል» ትላለች፣ እውነቷን ነው፣ ግን ምን ያህል? ስለዚህ እሷ 30 ግራም ያህል ትጠጣለች፣ ከሰውነቷ ውሃ ጋር ይቀላቀላል፣ ከዚያ በወተቷ በኩል ወደ ልጁ ይሻገራል። ለልጁ በቀጥታ ምንም አይሰጠውም። መጀመሪያ ከመጠጣቷ በፊት ምራቅ እንወስዳለን፣ ከዚያ በተከታታይ ጥቂት ቀናት፣ መጨረሻ ላይ በ13ኛውና በ14ኛው ቀን። የሕፃኑን ምራቅ የምንወስደው በጥጥ ነው፤ ጥጡን አፉ ውስጥ እያዟዟርን እስኪረጥብ እንጠብቃለን፣ ከዚያ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ውስጥ ከትተን እንጨምቀዋለን። አንዳንዱ ጨቅላ ጥጡን ጡት መስሎት ይጠባዋል፣ ሲነጠቅ ያለቅሳል፣ ከዚህ የባሰ ነገር አይደርስበትም። ከእናትየው ምን ያህል ወደ ልጁ እንደሄደ ሲሰላ የጠባው ወተት ይታወቃል። ከወተት ውጭ ሌላ ውሃ ቀምሶ ከሆነም ያጋልጣል፣ እዚህ ላይ ብዙ አያቶች ተይዘዋል 😄

የማታ ተረኛ፦
እኔ ኒውክሌር ሕክምና ክፍል ነው የምሠራው፣ ስለ አክስትህ ልመልስ። እሷ የወሰደችው አዮዲን-131 ነው። ይሄኛው በተፈጥሮ ተለቅሞ የሚገኝ ሳይሆን የሚሠራ ነው፦ ቴሉሪየም የሚባል ንጥረ ነገር ሪአክተር ውስጥ ገብቶ በኒውትሮን ይደበደባል፣ የተፈጠረው አዲሱ ቴሉሪየም ብዙ ሳይቆይ ወደ አዮዲን-131 ይቀየራል፣ ከዚያ ተሞቆ ይተንና ተለይቶ ይወጣል። ከዩራኒየም መሰንጠቅም ይገኛል። ችግሩ መጋዘን አስቀምጬ ቀስ ብዬ እሸጠዋለሁ አይባልም፤ በ8 ቀን ግማሹ የለም፣ በ16 ቀን ሩቡ ብቻ ይቀራል። ታካሚ ቀጠሮውን ሲያሳልፍብን የምንበሳጨው ለዚህ ነው፣ መድኃኒቱ አይጠብቅም።

የሚሠራው ደግሞ በጣም በሚገርም ብልሃት ነው። ታይሮይድ አዮዲን ይራባል፣ የትኛው አዮዲን እንደሆነ ግን አይለይም። ተራውንም ጨረር ያለውንም ይጎርሳል። የገባው አዮዲን ቤታ ቅንጣት እየረጨ እዚያው ሚሊሜትሮች ርቀት ላይ ያለውን ሴል ይገድላል። ግን ከሰውነት ወጥቶ የሚሄድ ጋማ ጨረርም አለው፣ አክስትህን በር ላይ ቆማችሁ ያዋራችኋት ስለዚህ ነው። እና በደንብ ስማኝ፦ ይሄ ለምታጠባ እናት አይሰጥም። አዮዲን ወደ ወተት ይገባል፤ መውሰዷ ግድ ከሆነ ማጥባቷን ከሳምንታት በፊት ማቆም አለባት። ስለዚህ የእህትህና የአክስትህ ነገር በስም ብቻ ነው የሚገናኘው።

እውነቱ ይነገር፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሚዛን አለ፣ የክንድ መለኪያ አለ። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ልጁ ክፉኛ ተጎድቷል፣ ምግብ ስጡት፣ አለቀ። ለተራበ ልጅ አተም መቁጠር ቅንጦት ነው።

ጥጥ ያዥ፦
@እውነቱ ይነገር ያልከው ቁጥር ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ነው፣ ለ4 ወር አይደለም። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ምግብ አይሰጥም፣ ወተት ብቻ ነው። ወተቱ አንሶት ነው ወይስ እየጠባ ሌላ በሽታ አለበት የሚለውን ሚዛን አይነግርህም። የተራበ ልጅ እስኪለካ ይጠብቅ ያለ የለም፣ ሕክምናው በጎን ይቀጥላል።

ልጅ ቫይታሚን ኤ አንሶት እንደሆነ ማወቅ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ዳፍንት የያዘውን ልጅ ሲመሽ ዕቃ ሲደናቀፍ ታየዋለህ፣ ያኔ ግን ረፍዷል። ደም ብትመረምር ይሸውድሃል፤ ጉበት ካለው ክምችት እየቆነጠረ ወደ ደም ስለሚለቅ፣ ክምችቱ ሊያልቅ ሲቃረብ ነው የደሙ መጠን የሚወርደው። ስለዚህ ምልክት ያለው ቫይታሚን ኤ፣ ለምሳሌ በካርቦን-13 የተሠራ፣ እሱም ጨረር የሌለው፣ ትንሽ ይሰጥና እስኪቀላቀል ተጠብቆ ደም ይታያል። አንድ ማንኪያ ጨው ድስት ውስጥ ጨምረህ እንደ መቅመስ በለው፦ ጨው ጨው ካለህ ውሃው ትንሽ ነበር፣ ካልተሰማህ ድስቱ ሙሉ ነው። ሙሉ መሆኑን ማወቅም ቀላል ነገር አይደለም፣ ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል።

የማታ ተረኛ፦
ረሃብ ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። በ1986 የቼርኖቤል አደጋ ጊዜ የተበከለ ወተት የጠጡ ልጆች ታይሮይድ ላይ የገባው ይሄው አዮዲን-131 ነበር። ቀድሞ አዮዲን ያነሳቸው ልጆች ደግሞ የባሰ ተጎዱ፣ የተራበ ታይሮይድ ያገኘውን ሁሉ ስለሚስብ። እኛ ታካሚውን ከሕክምናው በፊት አንድ ሁለት ሳምንት አዮዲን ያለበት ምግብ ቀንስ የምንለው ያንኑ ረሃብ ሆን ብለን ለመፍጠር ነው።

አጎትየው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ፎርሙን ድጋሚ አየሁት፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ «ዲዩተሪየም ኦክሳይድ» ይላል። መጀመሪያ እዚያ ድረስ ሳልደርስ ነው የጮህኩት። ለእህቴ አነበብኩላት፣ እሺ ብላለች። እሷ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ውሃው ይመራል?

ጥጥ ያዥ፦
አይመርም፣ ውሃ ነው። በስትሮ ነው የምትጠጣው፣ ጠርሙሱ ላይ የቀረውም ተራ ውሃ ተጨምሮበት ተለቅልቆ ይጠጣል። ልጁን በዚያች ሰዓት አንተ ያዝላት። በእግሩ መትቶ ከደፋው ስሌቱ ሁሉ ገደል ገባ።