በኢፓኔት ሞዴሌ ጉብታው ላይ ግፊቱ ከዜሮ በታች ወረደብኝ

ደሴ አጠገብ ካለ ምንጭ በስበት ብቻ ውኃ የሚያወርድ፣ የውስጥ ዲያሜትሩ 200 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 6.2 ኪሎ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ቧንቧ በኢፓኔት (በቧንቧ ውስጥ ያለን የውኃ ፍሰትና ግፊት የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም) ሞዴል አድርጌአለሁ። ታንከሩ ከምንጩ በ48 ሜትር ዝቅ ስለሚል በሴኮንድ 30 ሊትር ይበቃል ብዬ ፍሰቱን በዚያው ወሰንኩ፤ ነገር ግን መስመሩ እኩሌታው ላይ ከምንጩ 10 ሜትር ብቻ ዝቅ ባለ ጉብታ ላይ ያልፋል (የደሴን ተራራ ለሚያውቅ አይገርምም)፣ እዚያም ግፊቱ (በውኃ ከፍታ ሲለካ) ከዜሮ በታች 3.4 ሜትር ይሆናል። የቧንቧውን ልስላሴ የሚገልጸውን የሄዘን-ዊልያምስን ቁጥር ከ140 ወደ 150 ባሳድገውም ከዜሮ በላይ አልወጣም። በታንከሩ መግቢያ ያለው ቆጣሪ ግን የሚያነበው በሴኮንድ 26 ሊትር ገደማ ነው። ኢፓኔት ቧንቧው ሁልጊዜ ሙሉ እንደሆነ ቆጥሮ ስለሚያሰላ፣ ጉብታው ላይ አየር የሚያስገባ ቫልቭ ያለበትን ይህን መስመር እዚያው ቆርጬ ሁለቱን ክፍሎች ለየብቻ ላስላቸው ወይስ ሌላ የተሻለ መንገድ አለ?